ከእግራችን በታች ያለው ሙቀትና የምድር ልብስ ውፍረት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ክበባችን አንድ ንግግር እንዲያሰማ በተፈቀደልን ጊዜ፤ ከመካከላችን ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት እንናገር ያሉ ነበሩ። ከተመካከርን በኋላ ግን ከራሳችን በላይ ያለውን ለሌላ ቀን አቈይተን፤ ከእግራችን በታች ያለውን መረጥን። ምክንያቱም አገራችን ኢትዮጵያ አንድ ክፍለ ዓለም ሲሰነጠቅ በዓይን ከሚታይባቸው ጥቂት የምድር ስፍራዎች አንዷ በመሆኗና በዚያ ስንጥቅ ዳርና ዳር ብዙ ሕዝብ አርሶ፤ ነግዶ፤ ቤት ሠርቶ ስለሚኖር ነው። ጥያቄያችን አጭር ነው፤ የቆምንበት ምድር ምን ያህል ወፍራም ነው? ውፍረቱንስ በምን እናውቃለን?

ቆፍረን እንየው ብንል አይቻለንም። የሰው ልጅ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ ወደ ታች እጅግ የጠለቀው በሩሲያ አገር በኮላ የተቆፈረው ሲሆን፤ ጥልቀቱ 12 ኪሎ ሜትር ከ262 ሜትር ነው። ከምድር ገጽ እስከ እምብርቷ ያለው ርቀት ግን 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከጥልቁ ወደ እኛ የሚመጣ ምስክር መፈለግ ግዴታችን ሆነ። ከነዚህም ምስክሮች አንደኛው ሙቀት ነው።

ወደ ነገራችን ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላት እንለይ። አንደኛው ቅርፊት ነው። ቅርፊት የሚባለው ከላይ ያለው ቀለል ያለ ዐለት ሲሆን፤ በአህጉሮች ሥር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከርሱ በታች ማንትል የሚባለው ከበድ ያለ ዐለት ይጀምራል። ሁለተኛው ቃል ሊቶስፌር ነው፤ ሊቶስ በግሪክ ቋንቋ ደንጊያ ማለት ነው። ሊቶስፌር ቅርፊቱንና ከማንትሉ ላይኛውን ቀዝቃዛ ክፍል በአንድነት የያዘ ነው። ቅርፊት የሚለየው በዐለቱ ዓይነት ነው፤ ሊቶስፌር ግን የሚለየው በሙቀቱና በጥንካሬው ነው። ወደ ታች በወረድን ቍጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፤ ዐለቱ ሳይቀልጥም እንኳ እየለዘበ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ሊቶስፌር የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ክፍል በታላላቅ ሰሌዳዎች ተከፋፍሎ፤ አህጉሮችን ተሸክሞ በለዘበው ዐለት ላይ ይሄዳል።

ሙቀት ስለ ውፍረት እንዴት ሊመሰክር ይችላል? እንዲህ እንመልከተው። ብርድ በበዛበት ሌሊት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ነጠላ ለብሷል፤ ሁለተኛው ጋቢ ደርቧል። የሁለቱም የሰውነት ሙቀት አንድ ነው። ነገር ግን እጃችንን በልብሳቸው ላይ ብናሳርፍ ሙቀቱ የሚሰማን በነጠላው ላይ ነው፤ ጋቢው ከላይ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ነው። ምድርም እንዲሁ ናት። ሊቶስፌር ልብሷ ነው። ልብሱ ወፍራም በሆነበት አገር ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ጥቂት ነው፤ በሳሳበት አገር ብዙ ነው።

ይህ ሙቀት ግን በእጅ ተዳስሶ የሚታወቅ አይደለም። በአህጉሮች ላይ ከአንድ ካሬ ሜትር መሬት የሚወጣው አማካይ ሙቀት 65 ሚሊዋት ገደማ ነው። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ የሚወጣው ሁሉ ቢሰበሰብ 450 ዋት ያህል ነው፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማጋል አይበቃም። የቀትር ፀሐይ በዚያው ሜዳ ላይ የምታፈሰው ከዚህ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የፀሐይ ሙቀት ከማይደርስበት ጥልቀት ገብተው መለካት አለባቸው። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቴርሞሜትር በገመድ ይወርዳል፤ በየስንት ሜትሩ ሙቀቱ ምን ያህል እንደ ጨመረ ይጻፋል። ከዐለቱም ናሙና ተወስዶ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው በላቦራቶሪ ይለካል። ሁለቱ ቍጥሮች ሲባዙ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ይገኛል። ለምሳሌ በየኪሎ ሜትሩ 26 ዲግሪ የሚጨምር ቢሆንና የዐለቱ የማስተላለፍ ችሎታ 2.5 ቢሆን፤ 26 በ2.5 ሲባዛ 65 ይሆናል። ይህም ቀደም ብለን የጠቀስነው አማካይ ነው።

በሒሳብ የበረቱ ጓደኞቻችን አሁን 1,300ን ለ26 አካፍለው፤ እንግዲያውስ ሊቶስፌር 50 ኪሎ ሜትር ነው ሊሉን ይችላሉ። አካፋፈሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። በቅርፊቱ ውስጥ ዩራኒየም፤ ቶሪየምና ፖታሲየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህም ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ ራሳቸው ሙቀት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከምድር ገጽ ላይ ከለካነው ሙቀት ትልቁ ክፍል ከጥልቁ የመጣ ሳይሆን፤ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ የተወለደ ነው። ያ ሲቀነስ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም ወደ ታች ስንወርድ የሙቀቱ አጨማመር እየዘገየ ይሄዳል፤ 1,300 ዲግሪ የሚደረስበትም ጥልቀት ከ50 ኪሎ ሜትር እጅግ ይርቃል። ሙቀት እውነተኛ ምስክር ነው፤ ቃሉን ከመቀበላችን በፊት ግን ከየት እንደ መጣ ልንጠይቀው ይገባል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ እንሂድ። መነሻችን የአፍሪቃ ደቡብ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ኤድዋርድ ቡላርድ በደቡብ አፍሪቃ ጉድጓዶች የተለካውን ሙቀት አስልተው እ.ኤ.አ. በ1939 አሳትመዋል፤ ይህም በአህጉሮች ላይ በሚገባ ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ የሙቀት መለኪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ያ አገር እጅግ ጥንታዊ በሆነ ዐለት ላይ የተቀመጠ ሲሆን፤ የሊቶስፌሩ ውፍረት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ልብሱ ወፍራም በመሆኑም ቅርፊቱ ቀዝቃዛ ነው። ምፖኔንግ በሚባለው የወርቅ ማዕድን ውስጥ ሠራተኞች 4 ኪሎ ሜትር ወደሚጠጋ ጥልቀት ይወርዳሉ፤ በዚያም የዐለቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ብዙ ነው፤ አየሩንም በበረዶ ያቀዘቅዙታል። ነገር ግን ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ 26 ዲግሪ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ፤ በዚያ ጥልቀት ዐለቱ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ በሆነ ነበር፤ የማዕድኑም ሥራ ከሰው አቅም በላይ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥተን ታንዛኒያ ስንደርስ እንዲሁ ያለ ሌላ ጥንታዊ የአህጉር እምብርት እናገኛለን። ዕድሜው ከ2,500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ የሊቶስፌሩም ውፍረት ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ የሚወጣው ሙቀት 35 ሚሊዋት ገደማ ሲሆን፤ የአማካዩ እኩሌታ ያህል ነው። አሁን ካርታችሁን ዘርግታችሁ ታላቁን ስምጥ ሸለቆ በጣታችሁ ተከተሉ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ ይወርዳል፤ ወደዚህ ጥንታዊ ዐለት ሲደርስ ግን መካከሉን ሰንጥቆ አይሄድም። ምሥራቃዊው ክንፍ በምሥራቅ በኩል ይቀራል፤ ምዕራባዊው ክንፍ የአልበርትንና የታንጋኒካን ሐይቆች ይዞ በምዕራብ በኩል ይዞረዋል። የቪክቶሪያ ሐይቅ የተኛው በሁለቱ መካከል ነው። እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ ጕጥ ላይ ሲደርስ ፍንጣቂው ጕጡን ዞሮ እንደሚሄድ፤ የአህጉሩም ስንጥቅ ወፍራሙንና ቀዝቃዛውን ትቶ ስሱንና ሞቃቱን መንገድ መረጠ። በዚያው በጎረቤቱ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ100 ሚሊዋት በላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። ይህን ያህል ልዩነት ያለው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መካከል ነው።

ከኬንያ ሸለቆውን ተከትለን ስንወጣ አገራችን እንገባለን። በአገራችን ስምጥ ሸለቆው የሁለት ሰሌዳዎች ድንበር ነው። በምዕራብ ኑቢያ፤ በምሥራቅ ሶማሊያ ተብለው የሚጠሩት ሰሌዳዎች በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የጣታችን ጥፍር በአንድ ዓመት የሚያድገው ከዚህ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ በአሉቶ ተራራ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር። ከነዚህም ውስጥ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በሚወርድ ጥልቀት ከ300 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ተገኘ። ይህን ከምፖኔንግ ጋር አስተያዩት፤ እዚያ በ4 ኪሎ ሜትር 60 ዲግሪ፤ እዚህ በእኩሌታው ጥልቀት አምስት እጥፍ!

ይሁን እንጂ እዚህ ላይም ምስክሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሉቶ ሙቀት በዐለት ውስጥ ብቻ ተላልፎ የመጣ አይደለም። በስንጥቆቹ ውስጥ የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ቀርቧል፤ የዝናብም ውሃ በስንጥቆቹ ወርዶ ይሞቅና ተመልሶ ይወጣል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞት መጣ ማለት ነው። ስለዚህ የአሉቶን ቍጥር ብቻ ይዞ የሊቶስፌርን ውፍረት ማስላት አይገባም። ሁለተኛ ምስክር ሊጠራ ግድ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ሞገዱ በቀዝቃዛ ዐለት ውስጥ ይፈጥናል፤ በሞቃት ዐለት ውስጥ ይዘገያል። በብዙ ጣቢያዎች የደረሰበት ሰዓት ሲነጻጸር፤ ጠንካራው ዐለት የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። በአገራችን ይህ ሥራ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቁሞ፤ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ለብዙ ዓመታት መርተውታል። በጥር 1995 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሊቃውንት በአንድነት ሆነው፤ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ብዙ መሣሪያዎችን ተክለው፤ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ፍንዳታ እያደረጉ የቅርፊቱን ውፍረት ለክተዋል።

ከእንደዚህ ያለው ጥናት የተገኘው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። በምዕራቡ ደጋ ሥር ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ሥር ይሳሳል፤ በአፋር ወደ 25 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው የሊቶስፌሩ ነገር ነው። በአፋር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፤ በደጋው ሥርም ቢሆን ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደጋችንን ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው፤ ያን ያህል ከፍታ ያለው አገር እጅግ ወፍራም መሠረት አለው ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደጋው ከፍ ብሎ የቆመው በወፍራም ቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን፤ ከሊቶስፌሩ በታች ያለው ማንትል ሞቃትና ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ስለሚያነሣው ጭምር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ሙቀት የተነሣ የቀለጠ ዐለት ፈስሶ አገሩን ሸፈነው፤ በአንዳንድ ቦታም ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በገደሎቻችን ላይ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የምናየው ጥቁር ደንጊያ ይኸው ነው።

እንግዲህ በደጋው ሥር ልብሱ የሳሳ ከሆነ ሙቀቱ ለምን በደጋው ሜዳ ሁሉ ላይ እንደ ስምጥ ሸለቆው አይታይም? ይህን ለማስረዳት ሁለት ምጣዶች በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል፤ አንዱ ስስ የብረት ምጣድ ነው፤ ሌላው ወፍራም የሸክላ ምጣድ ነው። እናቶቻችን ከኛ በተሻለ እንደሚያውቁት፤ ከሸክላው ምጣድ ሥር እሳት በነደደ ጊዜ ላዩ ወዲያው አይግልም፤ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዐለትም ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሙቀት በዐለት ውስጥ የሚዘልቀው 5 ወይም 6 ሜትር ያህል ነው። በሚሊዮን ዓመት ግን ሚሊዮን እጥፍ አይሄድም፤ አንድ ሺህ እጥፍ ብቻ ሄዶ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ርቀቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት ነውና። በ30 ሚሊዮን ዓመት ሲሰላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከደጋው በታች የነደደው እሳት ወሬው ገና በመንገድ ላይ ነው። በሸለቆው ውስጥ የቀለጠ ዐለትና ፍል ውሃ ወሬውን እየተሸከሙ በአቋራጭ ያደርሱታል፤ በደጋው ግን በእግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። በምድር ገጽ ላይ የምንለካው ሙቀት ብዙ ጊዜ የትናንቱን ይነግረናል፤ ሞገዱ የዛሬውን ይነግረናል። ሁለቱ ሲለያዩ አንደኛው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ልዩነት ራሱ የምድርን ታሪክ ይነግረናል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ይህ ሁሉ ለሕዝብ ምን ይጠቅማል ብላችሁ ብትጠይቁን ተገቢ ነው። ልብሱ በሳሳበት አገር ሁለት ነገሮች በአንድነት ይገኛሉ፤ ሀብትና አደጋ።

ሀብቱ እንፋሎት ነው። በአሉቶ በ1990 ዓ.ም. ገደማ 7 ሜጋዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰጥ ጣቢያ ተተክሏል፤ ሥራው በየጊዜው እየተቋረጠም ቢሆን፤ ለአገራችን የመጀመሪያው በር ከፋች ሆኗል። ኬንያ በኦልካሪያ የመጀመሪያውን ጣቢያ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ዛሬ ከኤሌክትሪክ ኀይሏ ከ40 በመቶ በላይ የምታገኘው ከምድር እንፋሎት ነው። እንፋሎት ዝናብ ቢቀር አይቀርም። አዲስ አበባም እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው በሰፈሩበት ቦታ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች መሆኗን ስናስብ፤ የምድር ሙቀት ለታሪካችንም እንግዳ አለመሆኑን እንረዳለን።

አደጋውም የታወቀ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው አፋፍ በካራቆሬ አካባቢ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴ የተባለው መንደር ፈርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወድቀዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች በስንጥቅ ገብቶ፤ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈተው። ቀደም ብለን በዓመት በሚሊ ሜትር የቈጠርነው መራራቅ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ እንዲህ ያደርጋል። ከመስከረም እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሡ።

ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ምድር አፏን ከፍታ አገር ትውጣለች የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ሰውን አብዝቶ የሚጐዳው በደካማ አሠራር የቆመ ግድግዳ ነው። ግን የት እንደምንሠራና እንዴት እንደምንሠራ ለመወሰን፤ ከሥራችን ያለው ዐለት ስስና ሞቃት ወይም ወፍራምና ቀዝቃዛ መሆኑን ማወቅ አለብን። የሰሌዳዎቹ ድንበር በገደሉ አፋፍ ላይ የተሰመረ ቀጭን መሥመር አይደለም፤ ሙቀቱ ከሸለቆው አልፎ ከደጋው ሥር ገብቷል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ የሚኖረውም ሆነ በአፋፉ ላይ ያለነው የአንድ ምድር ጎረቤቶች ነን፤ የአንዱ ነገር ሌላውን ይመለከተዋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮች እንለምናለን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሒሳብና ፊዚክስ ደረቅ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ዛሬ ያያችሁት ማባዛትና ማካፈል አንድ አህጉር ለምን እንደሚሰነጠቅ ያስረዳል። የተከበራችሁ መምህራን፤ በየሰፈራችን ያሉትን የጉድጓድና የምንጭ ውሃዎች ሙቀት በየወሩ እየለካን በአንድ መዝገብ እንድንጽፍ ፍቀዱልን፤ አርሙን፤ ከኛም በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች መዝገቡን አስረክቡ። በየወሩ ያልተጻፈ ለውጥ ማንም አያስታውሰውም። የተከበራችሁ ወላጆች፤ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ደንጊያ ሰብስቦ ወደ ቤት ቢመጣ አትቈጡት፤ ምን ዓይነት ደንጊያ እንደ ሆነ ጠይቁት። የነገውን የእንፋሎት ጉድጓድ የሚቆፍርና ቤታችሁን በጽኑ መሠረት ላይ የሚያቆም መሐንዲስ ከዚያ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል።